ቤት ያፈራው ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ንጉሥ ዳዊት ልጁ አቤሴሎም ዐምፆበት ከኢየሩሳሌም በወጣ ጊዜ መሃናይም ወደምትባል ከተማ ደረሰ። አብሮት የተሰደደው ሕዝብ በምድረ በዳ ተርቦ፣ ተጠምቶና ደክሞ ነበር። ይህን ያዩ ሦስት ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ገለዓዳዊው ሽማግሌ ቤርዜሊ፣ ምንጣፍና የሸክላ ዕቃ፣ ስንዴና ገብስ፣ ዱቄትና ቆሎ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ፣ በግና የላም አይብ ይዘው ወደ ንጉሡ መጡ (2ኛ ሳሙ. 17፥27–29)። የመንዝ ገበሬ ይህ ክፍል ሲነበብ ቢሰማ የራሱ ጎታ የተቈጠረ ይመስለዋል። ገብሱ የእርሱ ነው፤ ባቄላውና ምስሩ የእርሱ ነው፤ በጉም ከደጁ የሚሰማራ ነው፤ ምንጣፉንም ከበጉ ፀጉር የተሠራ ባና ነው ብሎ ይተረጕመዋል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከቤተ መንግሥት ወጥ ቤት የመጣ አንድ ነገር እንኳ የለም። መጽሐፍ ግን ለተራበ ንጉሥ የቀረበውን ቆሎና ባቄላ ሳይንቅ አንድ በአንድ ስሙን ጠርቶ ጻፈው።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን፤ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር ለአንዳንዶች የጓዳ ወሬ እንጂ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚበቃ መስሎ አይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን በጓዳ የተጀመረው ነገር ወንድምን ከወንድሙ የሚለይ ከሆነ፣ እኅትንም ከማኅበርዋ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ካህን ሊናገርበት ይገባል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወዳጅ ወዳጁን ያለ ምክንያት አይጋብዝም ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ምክንያቱም የቅዱሳን በዓል ነው። አንዱ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን፣ አንዱ በ21 የእመቤታችንን፣ ሌላው በ27 የመድኃኔ ዓለምን፣ ሌላውም በ29 የበዓለ ወልድን ጽዋ ይጠጣል። ማኅበርተኞቹ ወር በመጣ ቍጥር ከተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ባርኮ ይቈርሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ሲመሽም መጪው ተረኛ ጽዋውን ከነዳቦው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሰንበትም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በሰንበቴው ቤት እንዲሁ ይደረጋል። ሐዋርያት በየቤቱ እንጀራ ይቈርሱ በነበረበት ጊዜ የነበረው ደስታ (ሐዋ. 2፥46) በአገራችን በዚህ ሥርዓት ተጠብቆ እስከ ዛሬ ኖሯል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በብዙ ቦታ፣ ይልቁንም በከተሞቹና በመንገድ ዳር ባሉት መንደሮች፣ አንድ ነገር ገብቷል። ይኸውም ጽዋው መወዳደሪያ ሆኗል። ባለፈው ወር የደገሰው ሰው በግ ካረደ የዚህ ወር ተረኛ ሁለት ማረድ አለብኝ ይላል። ያኛው ጠላ ብቻ ቢያቀርብ ይኸኛው ቢራውን በሣጥን፣ ለስላሳውንም በሣጥን ያስመጣል። በእናት እጅ የተጋገረው ድፎ ዳቦ እያለ ከከተማ ኬክ ታዝዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜም ለጋስ ነው፤ ያቀረበውንም ያቀረበው ስለ በዓሉ ክብር ነው። ሆኖም በዚያው ገበታ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ከሦስት ወር በኋላ ጽዋው የሚደርሳት አንዲት መበለት አለች እንበል። እርስዋ ቢራውን እያየች በልብዋ የምትቈጥረው የጠርሙሱን ዋጋ ነው። ዘይቱና ስኳሩ በተወደደበት ጊዜ ይህን ከየት ታመጣለች? አንድ በግ ብትሸጥ ለልጅዋ ልብስ ያሰበችው ይቀራል፤ ብትበደር ደግሞ መኸሩ ሲገባ እህልዋ ከአውድማ ወደ አበዳሪው ቤት ይሄዳል።

ይህች ሴት «አቅም የለኝም» ብላ ለማኅበሩ አትናገርም። የአገራችን ሰው ድኽነቱን በገበታ ላይ አይዘረጋም። «ወገቤን እያመመኝ ነውና ለጊዜው ይለፈኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ ያልፋታል፤ ሁለተኛም ያልፋታል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራትም የለም። ስትሞት ግን ዕድር ይመጣል፤ ማኅበሩም ይመጣል፤ «እንዴት ያለች ደግ ሴት ነበረች» ይባላል። በሕይወትዋ ሳለች ከሚካኤል ጽዋ ያራቃት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። ማንም በቃል «ውጪ» አላላትምና ማንም በደለኛ ነኝ አይልም፤ ያስወጣት ገበታው ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የገሠጸው ይህንኑ ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥20–22)። በዚያ ይሰበሰቡ የነበሩት ባለጠጎች የሰው ገንዘብ አልዘረፉም፤ የበሉት የራሳቸውን እንጀራ፣ የጠጡትም የራሳቸውን ወይን ነበር። ሐዋርያው ግን አንዱ ጠግቦና ሰክሮ ሌላው ተርቦ በሚነሣበት ጉባኤ የጌታ እራት የለም አላቸው፤ የሌላቸውን ሰዎች ማሳፈራቸውንም የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ከመናቅ ጋር አንድ አድርጎ ቈጠረው። ልብ በሉ፤ ስለ ረኃባቸው ብቻ አይደለም የተቈጣው፤ ስለ ማፈራቸውም ነው። ረኃብ በአንድ ቁራሽ ይታገሣል፤ እፍረት ግን ሰውን ከደጅ ይመልሳል።

ከመንዝ ወደ ደቡብ፣ በቡልጋ በኩል ባለው በጽላልሽ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል በየወሩ ለድኾች ማዕድ እየሠሩ ያከብሩ እንደ ነበር ገድሉ ይነግረናል። ከዕለታት አንድ ቀን በአገሩ ረኃብ ሆነ፤ የበዓሉ ቀን በደረሰ ጊዜም በቤት ውስጥ ከጥቂት ዱቄት በቀር የሚዘከርበት ስለ ጠፋ እናቲቱ አዘነች። ያን ጊዜ ገና ጨቅላ የነበረው ልጅ እጁን በዱቄቱ ዕቃ ላይ አድርጎ ባረከው፤ ዱቄቱም በዝቶ ሞልቶ ፈሰሰ። ይህን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን ተአምሩ ምንን እንደ በረከተ እናስተውል። ከሰማይ የወረደ የንጉሥ ምሳ አልመጣም፤ የበረከተው ያው በቤት የነበረው ዱቄት ነው። እናቲቱም ስላጣች አዘነች እንጂ ስለሚንቋት ሰዎች አዘነች አልተባለም። ያቺ ቅድስት ሴት ዛሬ በመካከላችን ብትኖር፣ ጥቂት ዱቄት ይዛ ጽዋ ለማውጣት ትደፍር ይሆን? ወይስ እርስዋም ወገቤን አመመኝ ትል ይሆን?

እንግዲህ ወደ ቤታችን ገብተን ያለንን እንመልከት። አገራችን ብርድ የጸናበት ደጋ ነው፤ ውርጩ ጤፍን አያስበቅልም፤ ገብስን ግን ያሳድጋል። አባቶቻችን ገብስን የእህል ንጉሥ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲታመስ ቆሎ፣ ሲፈጭ በሶ፣ በሶውም በተነጠረ ቅቤና በቅመም ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ሲከካ ቅንጬ፣ ዱቄቱ በፈላ ውሃ ሲገነፋ ገንፎ፣ ሲቦካ እንጀራና ዳቦ ይሆናል፤ ጠላውም ከብቅሉ ጀምሮ እስከ አሻሮው ድረስ ገብስ ነው። ስለዚህ አንድ የመንዝ እመቤት ከአንድ ጎታ ገብስ ብቻ የመግቢያውን፣ የመካከሉንና የመውጫውን ምግብ፣ ከነመጠጡ አውጥታ እንግዳዋን ታስተናግዳለች። ከተሜ ይህን ሲሰማ «ሁሉም ገብስ ነው እንዴ?» ይላል፤ ቀምሶ ግን የአንዱን ጣዕም ከሌላው ለይቶ አይጠግበውም። ጌታችን በምድረ በዳ አምስት ሺሁን ያጠገበው ከአንድ ብላቴና በተገኘ በአምስት የገብስ እንጀራ ነው (ዮሐ. 6፥9)። ነቢዩ ኤልሳዕም መቶ ሰው ያበላው በሃያ የገብስ እንጀራ ነው (2ኛ ነገ. 4፥42–44)። በአይሁድ አገር የገብስ እንጀራ የድኻ እንጀራ ነበረ፤ ጌታ የባረከው ይህንኑ ነው።

በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል፣ ወይም በዐቢይ ጾም ሲደርስ፣ ተረኛው «የጾም ድግስ ምን ድግስ ነው» ብሎ ሲያዝን ይሰማል። ይህ የቤቱን ባልትና አለማወቅ ነው። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ጭማቂ ተቀቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በሰናፍጭ ቦክቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ጥቂት ቀን ሲሰነብት የሚወጣውን ስልጆ ያልቀመሰ ሰው የጾም ማዕድ ድኻ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ የቀመሰ ግን እንዲህ አይናገርም። ከዚህ ጋር እልበቱ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ የምስሩና የባቄላው ወጥ፣ አሹቁና ንፍሮው አለ። ስልጆ በገንዘብ አይገዛም ለማለት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ቀን ቈጥሮ ማሰብን ነው። ጽዋ የምታወጣ እመቤት ከሳምንት በፊት ስልጆውን ስትጥል እንግዶችዋን ማሰብ ጀምራለች ማለት ነው። ጠላውም እንዲሁ ነው፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ጌሾው ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ተደፍድፎ እስኪጠራ ድረስ ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚመጣውን ሰው እያሰበ ይሰነብታል። በሣጥን የመጣ ቢራ ይህን አሳብ አያውቀውም፤ ገንዘብ ባለበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳልና። ለማይጠጣ ደግሞ ብርዝና ቃሪቦ አለ፤ ሽማግሌውም ቅራሪውን ይመርጣል። ስለ ስካር ሌላ ጊዜ እንናገራለን፤ የሚካኤልን ጽዋ ጠጥቶ ጎረቤቱን የሚሰድብ ሰው የማንን በዓል እንዳከበረ ራሱ ይመርምር ብለን እንለፈው።

ስለ ፍራፍሬም ጥቂት እንበል። በደጋችን ላይ ከቀጋና ከእንጆሪ በቀር ዱር የሚያፈራው ፍሬ ብዙ አይደለም፤ እነርሱንም እረኞች ቀድመው ይለቅሟቸዋል። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ ግን አየሩ ይለወጣል፤ በወንዝ ዳር ሎሚው፣ ፓፓያው፣ ሙዙ ይታያል። የደጋው ሰው ገብሱንና በጉን፣ የቆላው ሰው ማሽላውንና ፍሬውን ይዞ በገበያ ይገናኛል፤ ከዚያም አበ ልጅ ሆነው ዓይን ለዓይን ይተዋወቃሉ። ከማዕድ በኋላ ፓፓያውን ልጦ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ ከሙዝ ጋር ከታትፎ፣ ሎሚ አንጠባጥቦ፣ ጥቂት ማር ጠብ አድርጎ ለእንግዳ ማቅረብ በአንዳንድ ቤት ተጀምሯል። ይህ መልካም ነው፤ በጾምም በፍስክም ይሆናል፤ ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎችና ከእናቶቻቸው ጋር ለሚመጡ ሕፃናትም ይስማማል። ከኬኩ ይልቅ የሚመሰገነውም የወንዙ ማዶ ዘመዳችን እጅ ስላለበት ነው። እንጆሪ በተገኘበት ወራት ደግሞ ልጆቹ የለቀሙትን አንድ ጣባ እንጆሪ በማኅበሩ መካከል ቢያስቀምጡት፣ እነዚያም ሕፃናት የሚካኤልን በዓል አወጣን ብለው ይደሰታሉ።

ያዕቆብ ልጆቹን ወደ ግብፅ በሰደደ ጊዜ በአገሩ ጽኑ ረኃብ ነበረ። ለማያውቀው ለዚያ ታላቅ ሹም እጅ መንሻ አድርጎ የላከው ከምድሪቱ ፍሬ ጥቂት በለሳን፣ ጥቂት ማር፣ ከርቤ፣ ለውዝ ነበር (ዘፍ. 43፥11)። ይህን ሁሉ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ላከው። የግብፅ ጎተራ ሁሉ በእጁ ለሆነ ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል? ነገር ግን ያ ሹም ዮሴፍ ነበረና የአባቱን አገር ማር በግብፅ ምድር አየ። አቢግያም የዳዊትን ቍጣ ልታበርድ በወጣች ጊዜ ከእንጀራውና ከበጉ ጋር ቆሎ፣ መቶ የወይን ዘለላ ዘቢብና ሁለት መቶ የበለስ ጥፍጥፍ በአህያ ጭና ነበር (1ኛ ሳሙ. 25፥18)። በመሠዊያውም ላይ የሚቀርበው ስንዴና የዘቢብ ጭማቂ፣ የምድር እህልና የዛፍ ፍሬ ነው። እግዚአብሔር ሥጋውንና ደሙን የሚሰጠን ከእርሻና ከተክል በወጣው ነገር ከሆነ፣ በቤታችን የተገኘውን ፍሬና እህል ለወዳጆቻችን ስናቀርብ የምናፍርበት ምክንያት ምንድር ነው?

ስለሚደክሙት ሴቶችም ዝም ብለን ልናልፍ አይገባም። አባታችን አብርሃም ሥላሴን በመምሬ ዛፍ ሥር በተቀበለ ጊዜ ሣራ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለወሰች፤ አብርሃም ግን ተቀምጦ አልጠበቀም። በእርጅናው ሮጠ፤ ወደ ላሞቹ ራሱ ሄዶ ጥጃውን መረጠ፤ እንግዶቹ ሲበሉም በአጠገባቸው ቆሞ አሳለፈ (ዘፍ. 18፥6–8)። በብዙ ቤት እንደሚታየው ግን ባል ከእንግዶች ጋር ተቀምጦ «ብሉልኝ፤ ጠጡልኝ» ሲል፣ ሚስቲቱ ከሌሊት ጀምራ በጭስ ውስጥ ቆማ የካህኑን ጸሎት እንኳ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ጌታችን ማርታን በብዙ ነገር መጨነቅዋን የነገራት (ሉቃ. 10፥41) እንግዳ መቀበልዋን ነቅፎ አይደለም፤ ቃሉን ከመስማት ያስቀራትን ብዛት ነው። ወጡ ከአራት ዓይነት ወደ አንድ ቢወርድ ሦስቱን የምትሠራበት ሰዓት ለእርስዋ የጸሎት ሰዓት ይሆናል። ውሃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥም ለአብርሃም ልጆች ነውር አይደለም።

አሁን ደግሞ ነገሬ ወደ እኛ ወደ ካህናቱ ነው። ከባለጠጋው ቤት ጽዋ ሲሆን ቀድመን እንደርሳለን፤ ምርቃቱም ይረዝማል። ከድኻው ቤት ሲሆን ዘግይተን እንመጣለን፤ ዳዊቱም ሳይደገም «ቸኩያለሁ» እንላለን። ይህን ሕዝቡ አያይም ብለን አናስብ። ቅዱስ ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ላደረገው መልካም ስፍራ ሰጥተው ድኻውን ከእግር መረገጫ በታች ያስቀመጡትን ሰዎች የገሠጸው (ያዕ. 2፥2–4) ስለ ወንበር ብቻ አይደለም። «የዛሬው ድግስ እንዴት ያማረ ነው!» ብለን በአንዱ ቤት ስናሞግስ በሌላው ተረኛ ትከሻ ላይ ሸክም እንጭናለን። ካህኑ በመበለቲቱ ቤት ቆሎውን ዘግኖ «ይህ ቤርዜሊ ለዳዊት ያመጣው ነው» ቢል ግን ያ ቃል ለማኅበሩ ከአንድ ሰዓት ስብከት ይበልጣል።

ጌታችን ምሳ ወይም እራት በምታደርግ ጊዜ ብድር የሚመልሱልህን ወዳጆችህንና ባለጠጋ ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ የማይመልሱልህን ድኾች ጥራ ማለቱን (ሉቃ. 14፥12–14) አንዳንዶች ወዳጅን መጋበዝ ተከልክሏል ማለት ነው ብለው ይጠይቃሉ። የከለከለው ፍቅርን አይደለም፤ ግብዣ ብድር መሆኑን ነው። ጽዋችን ወደ ብድር መመላለስ ሲለወጥ አይተናል፤ እርሱ በግ አርዷልና እኔም በግ፣ እርሱ ሁለት ሣጥን አምጥቷልና እኔም ሁለት ሣጥን ማለት ከመጣ ወዳጅነቱ ሒሳብ ሆኗል። ጠቢቡ ሰሎሞንም ፍቅር ባለበት ቤት የሚበላውን ጎመን ጠብ ባለበት ቤት ከሚታረደው የሰባ ፍሪዳ አብልጦታል (ምሳ. 15፥17)።

ስለዚህ በየአጥቢያው ያላችሁ የማኅበር ሙሴዎችና አባቶች ይህን ነገር በጉባኤያችሁ አንሡት። የጽዋው ማዕድ አንድ ዓይነት ወጥ፣ አንድ ዳቦ፣ ጠላና ቆሎ ይሁን ብላችሁ ወስኑ፤ ፍሬ የተገኘለት ፍሬ ይጨምር። ከዚህ አልፎ ማውጣት የሚችልና ልቡ የፈቀደ ሰው ትርፉን በበሩ ለተቀመጡት ነዳያን ይስጥ፤ በግ ማረድ ከወደደም ሥጋውን ለእነርሱ ያብላ። ዐቅም ያነሰው ማኅበርተኛ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሁሉም በየቤቱ አንድ ቁና ገብስ ይስፈርና ከሳምንት በፊት፣ ሰው ሳያይ፣ በማታ ያድርስለት፤ ጠላው የሚጠመቀው ከዚያ ነውና። ይህንንም ውሳኔ ክረምት ገብቶ ጎታ በጎደለበት ወራት፣ ተረኛው ባለበት ፊት አታድርጉት፤ ማን ዐጣ ማን አገኘ እየተባለ ያ ሰው ያፍራልና። መኸሩ ከአውድማ በገባበት በጥር፣ ሁሉም እህሉን ባየበት ጊዜ ይሁን፤ ከማኅበሩ የቀሩትንም በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ልካችሁ በስማቸው ጥሩአቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።